የደርሶ መልሱ ግማሽ

ልጄ ከብርሃን ጋር የተጣላው የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ እያለ ነው። ለእረፍት አቃቂ መጥቶ፣ ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ፣ የተማሪዎቼን ፈተና የማርምበት ጠረጴዛ ላይ ተደገፈና «እማዬ፣ የብርሃን ፍጥነት አይለወጥም ብለሽ ስታስተምሪ ትንሽ አይቀፍሽም?» አለኝ። እኔ ቃሊቲ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር ፀጉሬ የሸበተ ሴት ነኝ። «ሂድ ወዲያ! መጀመሪያ እግርህን ታጠብ» አልኩት።

እሱ መች ይሰማል። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደግሁት ብቻዬን ነው፤ ምላሱን ግን ማን እንዳሳደገው አላውቅም።

«ስሚኝ» አለ ወንበር ስቦ። «ብርሃንን የሚለኩት እንዴት ነው? ወደ መስታወት ይልኩታል፣ ነጥሮ ይመለሳል፣ የደርሶ መልሱን ጊዜ ይይዙና ለሁለት ያካፍሉታል። መሄጃውና መመለሻው እኩል መሆኑን ማን ነገራቸው?»

«ለምን እኩል አይሆንም?»

«አንቺ ቃሊቲ ሄደሽ ስትመለሺ እኩል ነው? ጠዋት ከከባድ መኪና ኋላ ተገትረሽ ታረፍጃለሽ፤ ማታ ሹፌሩ እያበረረ ያስገባሻል። ድምሩን ለሁለት ብታካፍይው የጠዋቱ መከራሽ የት ገባ?»

«ብርሃን ታክሲ አይደለም። ወያላ የለው፣ እስኪሞላ አይጠብቅ!»

«እሺ፣ መሄጃውን ብቻ ለክተሽ አሳዪኛ።»

እዚህ ላይ ያዘኝ። መሄጃውን ብቻ ለመለካት ሁለት ሰዓቶች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ብርሃኑ ከሚነሳበት፣ ሌላው ከሚደርስበት። ሁለቱ ሰዓቶች እኩል መቁጠራቸውን ለማወቅ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ምልክት መላክ ግድ ነው፤ ምልክቱ በምን ፍጥነት እንደሄደ ካላወቁ ሰዓቱ አይስተካከልም። ፍጥነቱን ለማወቅ ሰዓቱ፣ ሰዓቱን ለማስተካከል ፍጥነቱ። ደርሶ መልሱ አይለወጥም፤ እሱ በደንብ ተለክቷል። መሄጃው ብቻውን ግን ስምምነት ነው፤ ሰዎች ቁጭ ብለው «እኩል ነው እንበል» ተባባሉ። እኔም ነገሩን በቅጡ ያሰብኩት ያን ዕለት ነው።

«ታዲያ ይህን ፈተና ላይ ልትጽፍ ነው?» ስለው ሳቀ። «ፈተና ላይማ እንዳንቺ እዋሻለሁ።» ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩበት።

ተመረቀ። እልል አልኩ፣ በግ አረድኩ፣ ፎቶውን ከነጥቁር ካባው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ከዚያ ሥራ ፍለጋ ጫማው አለቀ። ልምድ አምጣ ይሉታል፤ ሳይቀጥሩት ልምድ ከየት ይምጣ? በመጨረሻ የሰው ባጃጅ ይዞ ከአቃቂ በሰቃ እስከ ዋናው መንገድ ሲመላለስ ከረመ። ማታ ሲገባ ስለ ብርሃን መጨቃጨቁን ተወ። በልቶ ይተኛል።

አንድ ቀን ከአብሮ አደጉ፣ ወንዙ ዳር ካለው ቤት ልጅ ጋር ጠፋ። የደወለልኝ ሞያሌን ከተሻገረ በኋላ ነው። «ደቡብ አፍሪካ ልንገባ ነው እማዬ፣ አታልቅሺ» አለኝ። «አንተ ልጅ፣ ገደልከኝ!» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ከየት እንደሆነ እንኳ በቅጡ አልነገረኝም። መስመሩ ድምፅ ያዘገያል፤ እኩል እናወራለን፣ እኩል ዝም እንላለን። «ቆይ እማዬ፣ አትቸኩይ» አለኝ እየሳቀ። «አሁን የምትሰሚው የቅድሙን እኔን ነው፤ የአሁኑን ለመስማት ትንሽ ጠብቂ።» ነገ መኪና እንቀይራለን አለኝ። ጠበቅሁ። ይኸው ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ።

በዚያ መንገድ ሰው በኮንቴይነር ታሽጎ እንደሚጫን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቃሊቲ ደግሞ የኮንቴይነር አገር ነው። ትምህርት ቤት ስሄድ ታክሲው መጋዘኖቹ ጋ ሲቆም ፊቴን አዞራለሁ፤ ወዲያው መልሼ አያለሁ። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ነው የምፈልገው። አንድም አግኝቼ አላውቅም።

ከወንዝ ዳሯ እናት ጋር ድሮ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ልጆቻችን ከሄዱ ወዲህ ግን እህትማማች ሆንን። ከሁለቱ አንዱ ከደወለ፣ ሌሊትም ይሁን ንጋት፣ የሰማችው ሮጣ ለሌላዋ ልትነግር ተማማልን። አንዳንዴ እሷ ቤት ቁጭ ብለን ሁለቱን ስልኮች መሀላችን እናስቀምጣለን።

የልጄ ጥያቄ አሁን ገባኝ። የሚለካው የተመለሰው ነው። ሄዶ ያልተመለሰው የት እንደደረሰ ማን ያውቃል? ለእኔም «ደርሷል እንበል» ብሎ የሚስማማልኝ ሰው የለም።

አገራችን ክፉ ወሬን እንዴት እንደምትይዝ የታወቀ ነው። ልጅ ሞቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ፣ እናት ገበያ ወጥታ በሽንኩርት ዋጋ ትከራከራለች። ዘመድ ይሰብሰብ፣ በዓሉ ይለፍ፣ ደሟ ይረጋጋ እየተባለ ይመከራል። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። በደግነት ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ስንቷን እናት አይን አይኗን እያየሁ «ደህና አደርሽ?» ብያለሁ! አሁን ግን ሱቅ ስገባ ወሬ ከቆመ የመጣሁበትን ሳልገዛ እወጣለሁ። ያውቁ ይሆን? ከመቼ ጀምሮ ይሆን የሚያውቁት?

ተማሪዎቼ የብርሃን ፍጥነት ለምን አይለወጥም ብለው ሲጠይቁኝ መጽሐፉ የሚለውን እነግራቸዋለሁ። በሆዴ የምለው ሌላ ነው። ብርሃን ለማንም አያዝንማ! ቢያዝን ኖሮ እሱም እንደ ሰፈሬ ሰው በየደጁ ቆሞ ይመካከር ነበር። ልጄ ቢኖር «ይሄ ማስረጃ አይደለም» ይለኝ ነበር። ቢኖር አልኩ? አፌን ይቁረጠው፤ እዚህ ቢሆን ማለቴ ነው።

ባለፈው የጾም ሰሞን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። የሰፈራችን ሴቶች ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፊት የእድራችን ትልቋ እናት ቆመዋል። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። «ልጄን! ልጄን!» እያልኩ ደረቴን ስመታ አሮጊቷ ገብተው በሁለት እጃቸው አፌን ያዙኝ።

«ዝም በይ! ሰፈሩን ቀሰቀስሽው እኮ! ያንቺ አይደለም!»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የወንዝ ዳሯ ነው። አብሯቸው የነበረ አንድ ልጅ ተመልሶ መጥቶ ነገረ። በገዛ እጁ ነው የቀበረው።»

«የኔስ እትዬ? አብረው ነበሩ እኮ!»

«መኪና ሲቀይሩ ተለያዩ አለ። ስለ ያንቺ የተሰማ ነገር የለም።»

«በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«የለም አልኩሽ እኮ ልጄ» አሉና የነጠላቸውን ጥለት ማስተካከል ጀመሩ። ይህ «የለም» ለስንቷ እናት ሲባል ሰምቻለሁ። ላምናቸው አልቻልኩም፤ እንዳላምናቸውም አቅም አጣሁ።

«በይ ነጠላሽን ልበሺ፤ አንቺን ይዘን ነው የምንሄደው። አንቺ ካለሽ ይቀላታል» አሉኝ። ይቀላታል! ሄድኩ።

ሴቶቹ አጥሩ ጥግ ቀረት አሉና እኔ አንኳኳሁ። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፤ ከእኔ በቀር ማንንም አላየችም። ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆነ።

«ደወሉ?» አለችኝ።

እሷ አሁንም እየሳቀች እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ልታስገባኝ ስትል ከኋላዬ ያሉትን አየች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። የጮኸችውን ጩኸት አልተርከውም፤ የወለደ ያውቀዋል።

ረፋዱ ላይ ድንኳን ተተከለ። ወንበር መጣ፣ ሠልስቱ የሚውልበት ቀን ተነገረ፣ አርባው ተቆጠረ። ልጇ ቀን አገኘ። እሷ ጥቁር ትለብሳለች፣ ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች፣ አገር ያጽናናታል። እኔ ምን ልልበስ? ጥቁር ብለብስ ልጄን በራሴ እጅ መግደሌ ነው። ባልለብስ ደግሞ አንድ ቦታ አፈር ለብሶ ሳለ ሳላለቅስለት እየዋልኩ ይሆናል። ቀናሁባት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የልጇን ሞት በተረዳችበት ቀን ቀናሁባት።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ ከሌላ ሰፈር የመጣች፣ የማላውቃት ሴት እየተሳለመች ደረሰች። እንባዬን አይታ እናትየው እኔ መስያት መሰለኝ፣ እፊቴ በርከክ ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ» አለችኝ። «ነፍሱን ይማርልሽ።»

እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። ሁሉም ያየኛል፤ የእድሩ እናትም ያዩኛል።

«አሜን» አልኳት።