ወደ ዋጫ፣ ኤም ሲደመር አንድ

ዛሬ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ሰልፋችን ሲበተን፣ የሒሳብ ክበባችን ኃላፊ መምህር በአጠገቤ ሲያልፉ "የቅዳሜው ክፍል ያንቺ ነው፤ ጠመኔ ከቢሮ ውሰጂ" ብለውኝ ሄዱ። ቆም እንኳን አላሉም። እንዲህ ያለ ዜና ቢያንስ በድምፅ ማጉያ መነገር ነበረበት፤ ድምፅ ማጉያው ግን ዩኒፎርም ያልለበሱትን በመቆጣት ተጠምዶ ነበር። ስለዚህ እኔው እጽፈዋለሁ። አሥረኛ ክፍል ነኝ፤ ሰባተኛ ክፍሎችን ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ደስታዬም ልክ የለውም።

እስካሁን የክበቡ ጸሐፊ ነበርኩ። የሆንኩትም በምርጫ ነው፤ "እጅ ጽሑፏ ያምራል" ተባለና ሁሉም እጁን አወጣ። በትምህርት ቤታችን የክበቦች ሁሉ ጸሐፊ ሴት ናት፤ የወንድ ልጅ እጅ ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ አያምርም መሰለኝ። ሥራው ከባድ ነው፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ሰሌዳ ማጥፋት፣ ሊቀ መንበሩ ሲናገር አድንቆ መስማት። ሊቀ መንበራችን የክፍላችን አንደኛ ነው። የአንድ ለአምስት ቡድናችንም መሪ እሱ ነው። ሲወለድም መሪ ሆኖ ሳይወለድ አይቀርም።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሰባተኛ ክፍሎችን ማጠናከሪያ የሚያስተምረው እሱ ነበር። ልጆቹ እስከ ስድስተኛ ክፍል ቁጥር ብቻ ሲደምሩ ኖረው፣ ድንገት ሒሳቡ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል፤ ያ አልበቃ ብሎ ደግሞ ፊደል ይገባበታል። ሊቀ መንበሩ የሚያስተምራቸው እኛ ከፕላዝማ በተማርነው መንገድ ነው። ፕላዝማ ያልደረሰበት ሰው ካለ፣ ከሳተላይት የሚመጣ የቴሌቪዥን መምህር ነው። ይጠይቃችኋል፤ እስክሪብቶ እስክታነሱ ይጠብቃል፤ ከዚያ "በጣም ጥሩ" ብሎ ያልፋል። በሕይወቴ የእሱን ያህል ያደነቀኝ ሰው የለም፤ አንድም ቀን መልሼለት ሳላውቅ። ሊቀ መንበሩም "ኤክስ ማለት ማንኛውም ቁጥር ነው፤ ገባችሁ? ጥሩ" ይላል። ልጆቹ "ገባን" ይላሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግማሾቹ ይቀራሉ።

ባዶ ወንበር ሲበዛ መምህራችን ስብሰባ ጠሩ። እኔም ቃለ ጉባኤውን እየጻፍኩ "እኔ ልሞክር" አልኩ። ሊቀ መንበሩ ደግ ልጅ ስለሆነ "ቃለ ጉባኤውን ታዲያ ማን ይይዛል?" ብሎ ተጨነቀልኝ።

"አንድ ቅዳሜ ትሞክር" አሉ መምህራችን። "መጨረሻ ላይ ልጆቹን እኔ ራሴ እጠይቃለሁ። ከመለሱ ክፍሉ የሷ ነው። ካልመለሱ ወደ ጸሐፊነቷ ትመለሳለች።"

ይህንንም ራሴው በሚያምረው እጅ ጽሑፌ መዘገብኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰሌዳው ላይ ኤክስ ሲደመር አንድ ብዬ ጻፍኩና፣ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት የተለማመድኩትን ተናገርኩ፤ "ኤክስ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል።" ከሊቀ መንበሩ የተለየሁት በቀሚሴ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ፊት የተቀመጠች፣ ሹሩባዋን በቀይ ክር ያሰረች ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ስንት ነው?"

"ማንኛውም ቁጥር።"

"እሺ። ስንት ነው ግን?"

"አልተወሰነም።"

"ማነው የሚወስነው?"

ከኋላ አንድ ድምፁ የጎረነነ ልጅ "አታድርቂያት፣ አምስት ነው" አላት። "ያለፈው ቅዳሜ አምስት ነበር፤ ደብተሬ ላይ አለ።"

ሌሎቹም ደብተራቸውን ገለጡ። እውነትም አምስት ነበር። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሊቀ መንበሩ በሩን ተደግፎ ፈገግ አለ፤ መምህራችን ኋላ ወንበር ላይ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ቃለ ጉባኤው በስሜ ሲጠራኝ ተሰማኝ።

ያኔ መናኸሪያው ውስጥ የዋጫው ሚኒባስ ረዳት ጮኸ። ሁልጊዜም ይጮሃል፤ እኛ መስማት ትተን ነው እንጂ። "ዋጫ፣ ዋጫ፣ አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው።"

ጠመኔውን አስቀመጥኩ። "ሚኒባሱ ውስጥ ስንት ሰው አለ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቦንጋ ያደገ ሰው ይህን አይጠይቅም። ረዳቱ "አንድ ሰው የቀረው" የሚለው መኪናው ሊሞላ ሲል ብቻ አይደለም፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖም ይለዋል።

"ሦስት ይሆናሉ" አለች ባለ ቀይ ክሯ።

"ማንም የለም" አለ ሌላው። "እናቴ አንድ ሰው የቀረው ብለው አስገብተዋት ብቻዋን ነው የተጎለተችው።"

ክርክሩ ወደ ካፊኖኖ ዞረ። ደስ አለኝ። እነዚህ ልጆች በአማርኛ የሚመልሱት ለመምህር ነው፤ በካፊኖኖ ሲከራከሩ ግን እያሰቡ ነው።

"እሺ፣ ውስጥ ያለውን ሰው ብዛት ኤም በሉት" አልኩ። "የሚጠራው ሰው ሲገባ ስንት ይሆናሉ?"

"ኤም ሲደመር አንድ" አለች ባለ ቀይ ክሯ።

"ስንት ነው እሱ?"

"እንዴት ልወቀው፤ አልቆጠርኩ።" ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች። "ግን እኮ ቲቸር፣ ሰውየው ከገባም በኋላ ረዳቱ አንድ ሰው ማለቱን አይተውም።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ኤም ሌላ ሆነ። ጩኸቱ ነው ያው የሆነው።"

ይህንን መስታወት ፊት አልተለማመድኩትም። ዞሬ ሰሌዳው ላይ ከኤም ሥር ዜሮ፣ ሦስት፣ ሰባት ብዬ ደረደርኩ፤ ልጆቹ ለእያንዳንዱ አንድ፣ አራት፣ ስምንት እያሉ ሞሉልኝ። "አምስት ነው" ያለው ልጅ ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋ።

ልቤ አበጠና ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ያሉትን የቡና ኬሻዎች ደግሞ ኬ አልኳቸው። "ኤም ሲደመር ኬስ?"

"ሁለት ኤም" አለ ያው ልጅ።

"ኬሻውን ሰው አደረግከው እንዴ?" አለችው ባለ ቀይ ክሯ።

"ረዳቱስ ሰውን ኬሻ አድርጎ ይጭን የለ?"

መምህራችንም ጭምር ሳቁ። ኤም ሲደመር ኬ እንዳለ ይቀመጥ ብለን ተስማማን።

ከዚያ መምህራችን ተነሡና ሳቁ ቆመ። ወደ ባለ ቀይ ክሯ ጠቆሙ። "ኤም ስንት ነው?"

ወጥመድ መሆኑ ገባኝ። አንዱ ከኋላ "አምስት" ብሎ ሹክ እንዳይላት ፈራሁ። እሷ ግን መምህራችንን ትክ ብላ አየቻቸው።

"መቼ፣ ቲቸር? አሁን ነው ወይስ ትንሽ ቆይቶ?"

እሳቸውም ወደ ድምፀ ጎርናናው ዞሩ። "ኤም አምስት ነው እንበል። ኤም ሲደመር አንድስ?"

"ስድስት" አለ። ከዚያ ጣቱን አነሣ። "ግን አምስት ከሆነ ነው።"

መምህራችን "በጣም ጥሩ" አላሉም። መነጽራቸውን አድርገው ወጡ፤ እኔም የቃለ ጉባኤውን የውጤት መስመር ባዶ ትቼ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠበቅኩ።

ሊቀ መንበሩ ዜናውን ሲሰማ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። አስከትሎም ሰሌዳውን ማን ያጠፋል ብሎ ጠየቀኝ። ቁመትህ ይደርሳል አልኩት።

እናንተም ኑ። ቅዳሜ ጠዋት፣ በመናኸሪያው በኩል፣ መስኮቱ በካርቶን የተደፈነው ክፍል ነው። ሰባተኛ ክፍል መሆን ግዴታ አይደለም። ሒሳብ ውስጥ ፊደል ሲገባ ትምህርት ያቆመች እህት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ ይዛችኋት ኑ፤ ልጅ ብታዝልም፣ ልጁ ቢያለቅስም ግድ የለኝም። ከማንኪራ በእግሩ የሚመጣ ቢያረፍድ አልቆጣም። በሩ ገርበብ ብሎ ይቆያል፤ ገፋ አድርጋችሁ ግቡ።