ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያዳልጠው ቺንጋ

የእህቴ ባል ሰላሳ አራት ዓመት የመነጽር መስታወት ሲሞርዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ሚሊሜትር» ይሏቸው ነበር፤ ፊት ለፊታቸውም ጭምር። አይቆጡም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ደንበኛ በግምት ሠርተው ቶሎ እንዲለቁት ቢጠይቃቸው፣ ፍሬሙን በጨርቅ ጠቅልለው እጁ ላይ አስቀምጠው በሩን ከፍተው እንደሸኙት ይነገራል። እኔ በቦታው ስላልነበርኩ ይነገራል ከማለት አላልፍም።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር ያገለገለ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ገዙ። ለቤት የሚሆን ዓይነት ነው፤ ከጉልበት አያልፍም፣ ሁለት ሰው ያነሳዋል። ጣውላው ሲገባ ከታች እንደ ቀበቶ የሚዞሩ ሁለት ቺንጋዎች እየሳቡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያመላልሱታል፣ ከላይ ሮለሮች ይጫኑታል፣ መሃል ላይ ያለችው ስለት ትቀርጻለች። ቺንጋዎቹ ጣውላውን አጥብቀው እንዲይዙ ፊታቸው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው። ካዳለጡ ማሽኑ አያውቅም። ጣውላው የሄደ መስሎት ቀጣዩን ፊደል በቀዳሚው ላይ ይደርበዋል።

እህቴ ማሽኑ ሳሎን ውስጥ ከሶፋው አጠገብ እንዲቀመጥ ፈቀደች። እንዴት እንደፈቀደች ስጠይቃት፣ ባሏ የሚለካው ነገር ካጣ እሷን መለካት እንደሚጀምር ነገረችኝ።

እህቴ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ ባለፈው ዓመት ሞተች። ሥራዬ ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው፤ ቀኑን አውቀዋለሁ። እዚህ መጻፉ ግን አያስፈልግም።

ከሰባት ወር በኋላ ጤና ጣቢያው ሲታደስ የካርድ ክፍሉን መስኮት ነቀሉት። ከሥሩ የነበረው፣ እህቴ ካርድ ስትጽፍበት የኖረችው ጣውላ ግቢ ውስጥ ተጥሎ ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ አዩት። ዘበኛውን ለምነው በትከሻቸው ተሸክመው አመጡት። ጣውላው ሁለት ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሏል፤ የሁለት ክርን ቦታ ነው። በካሊፐር ለኩት። ግራው አንድ ነጥብ አራት፣ ቀኙ ሁለት ነጥብ አንድ ሚሊሜትር ሆነ። በቀኟ ትደገፍ እንደነበር ተናግረው ካሊፐሩን ወደ ማኅደሩ መለሱት።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ጣውላው የእህቴ ስም ተቀርጾበት በአዲሱ ኮሪደር ለሚሠራው አግዳሚ ወንበር መደገፊያ እንዲሆን ተስማሙ። ኮሪደሩ የሚከፈትበት ቀን ግን ተቆርጧል። ወንበሩን የሚሠራው አናጢ ከዋዜማው ሰኞ በላይ እንደማይጠብቅ፣ ካልደረሰለትም ያገኘውን ሳንቃ መትቶ እንደሚሄድ አስታወቀ። ጣውላው ደግሞ አንድ ነው። ፊደል ከተደራረበበት መላጊያ ካልሆነ የሚያቃናው የለም፤ መላጊያ ከነካው ደግሞ ክርኖቿ አብረው ይሄዳሉ።

ገና ሲጀመር እንዲላግ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ግን በጣውላው ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ቀጫጭን እንጨቶች በኮላ ለጠፉ፤ ሮለሮቹ ጎድጓዳውን ትተው እነሱን እንዲጫኑ ነው። ቀጥለውም ስሟ በቁርጥራጭ እንጨት ላይ በትክክል እስኪወጣ ድረስ ጣውላውን ወደ ማሽኑ እንደማያስጠጉት ነገሩኝ።

በትክክል አልወጣም። ሦስተኛው ፊደል ሁለተኛው ላይ ይወጣል፣ የመጨረሻው ደግሞ ግማሹ ይዋጣል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ቤቱን አጸዳላቸው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ እኔ ባለሁበት ይሞክራሉ። ረቡዕ ረቡዕ ብቻቸውን ይሞክራሉ። በየቁርጥራጩ ጀርባ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ጻፍኩ። ጋሼ «መዝገብ ቤት» ይሉኛል፤ ፍልጡም ፋይል ይከፈትለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ተከፍቶለት ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት አናጢው በበሩ ብቅ አለ።

«ሚሊሜትር፣ ወንበሬ መደገፊያ ሳይኖረው ሊያረጅ ነው።»

ሰኞ ጠዋት እንደሚደርስለት ነገሩት። አናጢው ወለሉ ላይ የተደረደሩትን ቁርጥራጮች አይቶ የትኛው ሰኞ እንደሆነ ጠየቀና ሄደ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ የቀረን ሁለት ቀን ነው። አሥራ አራቱን ቁርጥራጮች በቀን ቅደም ተከተል ደረደርኩ። የረቡዕዎቹ ስሕተት ከአንድ ሚሊሜትር ተነሥቶ ሦስት የደረሰ ነው። የቅዳሜዎቹ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ እያለ ይሄዳል። መብራቱ በሁለቱም ቀን ያው ነው። እንጨቱ ያው ነው። የሚሞክሩበት ሰዓትም ያው ነው። ቅዳሜ ኖሮ ረቡዕ የሌለ ነገር ፈለግሁ። ያገኘሁት ራሴን ነው።

የማሽኑን ክዳን ከፍቼ ቺንጋውን በጣቴ ዳሰስኩት። ለስልሷል። ጣቴን አሸተትኩ፤ የሎሚ ሽታ ያለው የዕቃ ፖሊሽ ነው። ሰባት ቅዳሜ ጠረጴዛውን፣ ቁም ሳጥኑንና ማሽኑን በእህቴ ፖሊሽ ወልውያለሁ። ማሽኑን ክዳኑን ከፍቼ፣ አንድም ቦታ እንዳያመልጠኝ ቺንጋዎቹን በእጄ እያዞርኩ ነው። ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ።

ጋሼ ሶፋው ላይ ጋዜጣ ይዘው ነበር።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ቅዳሜ። ይሸታል እኮ።»

እሑድ እሑድ ቺንጋዎቹን በአልኮልና በብሩሽ ሲፈገፍጉ እንደሚውሉ፣ ለረቡዕ ትንሽ ሻል እንደሚላቸው፣ ቅዳሜ እኔ እንደምመጣ አስረዱኝ። አንድ ጊዜ ማሽኑን ጨርቅ አልብሰውት ነበር። ትዝ አለኝ፤ ጨርቁን አጥቤ፣ ማሽኑን ወልውዬ፣ መልሼ አልብሼዋለሁ። መሳቢያ ከፍተው አሳዩኝ። የመነጽር ማኅደር ውስጥ ሁለት አዲስ ቺንጋዎች ነበሩ። ያሏቸው እነዚያ ብቻ ናቸው፤ ቢገጥሟቸው ቅዳሜ ደርሼ እንደማሳምራቸው ስለሚያውቁ አልገጠሟቸውም።

አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ እንደነበር ነገርኳቸው። ሰባት ሳምንት መባከኑንም፣ ጣውላው ሳይደርስ ቢቀር ተጠያቂው ማን እንደሚሆንም ጠየቅኋቸው። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

ጋዜጣውን አጥፈው አስቀመጡት።

«ስትወለውዪ ስለሷ ታወሪያለሽ። ቁጭ ስትዪ ዝም ትያለሽ።»

እንደማላወራ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ያለፈው ቅዳሜ ቁም ሳጥኑን እየወለወልኩ ያልኩትን ደገሙልኝ። እህቴ በዘጠኝ ዓመቷ ግንባሬ ላይ ያለውን ፀጉር በልብስ መቁረጫ መቀስ ልጭት አድርጋ፣ እናታችን ስትመጣ «እሷ እኮ ድሮም እንዲህ ናት» ብላለች። ይህን ከዚያ በፊት ለማንም ነግሬ አላውቅም። በጽሑፍ የሰፈረበትም ቦታ የለም። ጋሼ ግን ከነቃሉ ያዙት፤ «ድሮም» የምትለዋን እንኳ አልረሱም።

ካቻቢቴው የት እንዳለ ጠየቅሁ።

ማሽኑን ከመብራት ነቅለን ብርድ ልብስ ላይ በጎኑ አስተኛነው። መጀመሪያ እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና አስታጠቡኝ፤ በሦስተኛው አሽትተው ፈቀዱ። አራት ብሎን ፈተን የታችኛውን ሰሌዳ አወጣን። አሮጌዎቹ ቺንጋዎች እንደ ሳሎኑ ጠረጴዛ ያበራሉ። የሚሽከረከሩባቸውን ዘንጎች በአልኮል ጠርገው አዲሶቹን አለበሷቸው፤ እኔ ብሎኖቹን በቅደም ተከተል ይዤ አቀብላለሁ። ከዚያ አሥራ አምስተኛውን ቁርጥራጭ አስገቡ። ስሟ ሙሉውን፣ ፊደል ከፊደል ሳይነካካ ወጣ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ለኩና ስሕተቱን ነገሩኝ። ዜሮ ነጥብ ሁለት። ከጀርባው ጻፍኩት።

ጣውላውን ያስገባነው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀ። ስለቷ የግራውን ክርን ቦታ ስታልፍ ጋሼ ቆመው ነበር፤ የቀኙን ስታልፍ ተቀመጡ። እኔ ጨርቅም ፖሊሽም አልያዝኩም። እንዲያም ሆኖ እህቴ ብስክሌት ስታስተምረኝ መያዣውን ለቃ ከኋላዬ «ይዤሻለሁ» እያለች እንደሮጠች ነገርኳቸው። የት መንገድ ላይ እንደነበር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ቁልቁለቱ ምን ያህል እንደሚሆን ጠየቁኝ። እሱን አላውቅም።

ማክሰኞ ኮሪደሩ ሲከፈት ከአግዳሚው ፊት ለፊት ቆመን ነበር። መጀመሪያ የመጣው ወፍራም ሰውዬ ነው። ኮቱን አወለቀና ልክ ስሟ ላይ ዘርግቶ ደገፍ አለ። ጋሼ ሊናገሩት ሲራመዱ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሰውየው ተራው ደርሶ፣ ካርዱን ተቀብሎ፣ ኮቱን አንሥቶ እስኪሄድ ድረስ ጠበቅን። ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው።