«እኔን» የተከለከለበት አዳራሽ

አስተማሪያችን በአዳራሹ ውስጥ የከለከለው አንድ ቃል ብቻ ነበር። «እኔን!» ማለት።

ሰው ሲደናቀፍ፣ ብርጭቆ ከእጁ ሲያመልጠው፣ ሕፃን ሲወድቅ ሳናስብ ከአፋችን የሚወጣ ቃል ነው። የምንማረው አይኪዶ የሚባለው የጃፓን የትግል ጥበብ ደግሞ ግማሹ መውደቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ልምምዶቻችን ለቅሶ ቤት ይመስሉ ነበር። አንዱ ሌላውን በጣለ ቁጥር ጣዩ «እኔን! እኔን!» እያለ ይጎነበሳል፤ የወደቀው «ምንም አልሆንኩም፣ አይዞህ» ይለዋል፤ ዳር የቆሙት ሮጠው ያነሡታል፣ ከምንጣፋችን የሾለከውን ጭድ ከልብሱ ያራግፉለታል። አስተማሪያችን ጥቂት ጊዜ ታግሦን አንድ ቀን እጁን አጨበጨበ።

«ልምምድ ነው ወይስ የታመመ መጠየቅ?» አለን። «መውደቅ ብቻ አይደለም የምትማሩት፤ መነሣትም ነው። እናንተ ስታነሡት ምኑን ይማራል? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ‹እኔን› የለም።»

አዳራሹ መካኒሳ ውስጥ የቀበሌያችን መሰብሰቢያ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው እንገፋና ሲሚንቶው ላይ ጭድ የተሞሉ ጆንያዎች እንደረድራለን። ጭዱ ከላፍቶ ገበሬዎች አውድማ የመጣ ነው። በላዩ ሸራ እንወጥርበታለን። ልብሳችን ከአቡጀዲ የተሰፋ ነበር። አስተማሪያችን የፋብሪካ ቴክኒሽያን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ውጭ አገር ልኮት ሳለ በትርፍ ሰዓቱ የተማረውን ነው ለእኛ ያመጣልን። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ የያዝኩ ሰሞን ነበርኩ። ቢሮ ውስጥ ስናገር ሰዎች «እ?» እያሉ ጆሮአቸውን ያስጠጉልኛል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ድምፅሽ ባይወጣ እጅሽ ይውጣ» ብላ እየጎተተች አመጣችኝ።

ለእኔ የከበደኝ መውደቁ ሳይሆን መያዙ ነበር። አስተማሪያችን የእጁን አንጓ ዘርግቶ «ያዢኝ» ሲለኝ፣ ምግብ ላይ ያለ ሰው እጁን ወጥ ነክቶት ክንዱን ሲሰጠን እንደምንይዘው፣ በጣቶቼ ጫፍ ነካ አደረግሁት።

«እኔ ወጥ አልነካኝም!» አለኝ። «ያዢ እንጂ!»

ሁሉም ሳቁ። ላቤ መጣ። ግን ያዝኩ።

ትምህርቱ ሲሰሙት ቀላል ነው። ሰው ሲይዝሽ አትጎትቺ፤ ሲጎትትሽ አትታገዪው። ጉልበቱ የሚሄድበት አቅጣጫ አለው፤ አብረሽው ሂጂ፣ ከጎኑ ግቢ፣ እሱ የሚያየውን እዪ። ያን ጊዜ የሚጣላው ሰው ያጣል። «ከዚያ በኋላ ደግሞ» ይለን ነበር አስተማሪያችን፣ «ሰውዬው የአንቺ አደራ ነው። ሲወድቅ ክንዱን አትልቀቂ፤ ጭንቅላቱ መሬት እንዳይመታ።» እኔ ይህን የመጨረሻውን ነገር እሰማዋለሁ እንጂ አላምነውም ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን አንድን ሰው የጣለ ሰው፣ የጣለው ሰው ጭንቅላት የት እንዳረፈ ሲያስብ አይቼ አላውቅም።

ጣጣው የመጣው ከመንበርከኩ ነው። ልምምድ ስንጀምርና ስንጨርስ በአንድ መስመር ተንበርክከን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ዝም ብለን ቆይተን፣ መዳፋችንን መሬት ላይ አድርገን እጅ እንነሳለን። የአዳራሹ መስኮት መስታወት የለውም። መንገደኛ ሁሉ ያየናል። ጊዜው ደግሞ የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ተዘግቶ በየቤቱ ተሰብስበው ሲጸልዩ የተገኙ ሰዎች የሚወሰዱበት ነበር። አንድ ሰው «ቅዳሜ ቅዳሜ ይጸልያሉ» ብሎ ጠቆመ። የቀበሌው ሊቀመንበር አስተማሪያችንን ጠርቶ፣ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አንድ ካድሬ መጥቶ እንደሚያየንና ጸሎት ሆኖ ከተገኘ አዳራሹ ተቆልፎ እሱ እንደሚታሰር ነገረው። አስተማሪያችን ይህን ለእኛ ሲነግረን ድምፁን አልቀየረም። «መቅረት የፈለገ ይቅር» አለ። «አልቀየምም።»

ጥቂቶች ቀሩ። እኔ የሄድኩት ደፍሬ አይደለም። «አልመጣም» ብሎ መናገሩ ስለከበደኝ ነው።

ካድሬው ካኪ ለብሶ፣ ሽጉጡን በወገቡ ታጥቆ ከሊቀመንበሩ ጋር ገባ። ከኋላቸው ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ነበሩ። አንደኛው በዕድሜ የገፉ፣ በሰፈራችን ሁሌ «እንደምን ዋልሽ ልጄ» የሚሉኝ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ዓይናቸውን ከእኔ አዞሩ።

«የምትንበረከኩት ለማን ነው?» አለ ካድሬው።

«እርስ በርሳችን ነው፣ ጓድ» አለ አስተማሪያችን። «ሰላምታ ነው።»

«ዓይን ተጨፍኖ ሰላምታ?»

«ሐሳባችንን ለመሰብሰብ ነው።»

«ሐሳባችሁን ማን በተነው?»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም።

«እሺ፣ ጠላት ሲመጣ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እንዳይጎዳን አድርገን እናስቀምጠዋለን። እሱም እንዳይጎዳ።»

«እሱም እንዳይጎዳ!» ካድሬው ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ጓድ፣ ይሄማ ስብከት ነው።»

እንደ ልማዴ ከሁሉም ኋላ ቆሜ ነበር። ካድሬው በመስመሩ ላይ ዓይኑን አንሸራትቶ እኔ ላይ አቆመ።

«አንቺ፣ የተሸሸግሽው። ነይ።»

«ጓድ፣ እሷ ጀማሪ ናት፤ እኔ ላሳይዎት» አለ አስተማሪያችን።

«አንተን አልጠየቅሁም!»

አንጓዬን ያዘኝ። ከጓደኞቼ ማንም እንዲህ ይዞኝ አያውቅም። ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ወጣ። «እስቲ አስቀምጪኝ» አለኝ። እኔ ያሰብኩት ዝም ብዬ ልቆም ነበር። እንድቆም፣ አቃተኝ እንድል፣ ደስ ብሎት እንዲሄድ። በጭንቅላቴ ውስጥ ነገሩ ተወስኖ አልቋል። እሱ ግን ወደ ራሱ ጎተተኝ፤ እግሬም እኔን ሳይጠይቅ ወደ ጎተተኝ ሄደ። ከጎኑ ገባሁ። ለአንድ አፍታ ሁለታችንም በሩን እያየን ጎን ለጎን ቆመን ነበር። ከዚያ ከጎኔ የለም። የጫማውን ሶል አየሁ። ባርኔጣው ተንከባልሎ ሲሚንቶው ላይ ሄደ። ወጣቱ ጠባቂ ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ ሰማሁ።

«እኔን!» አልኩ።

እኔ ብቻ አልነበርኩም። ክፍሉ በሙሉ፣ ያን ያህል ጊዜ አፉን ይዞ የቆየው ሁሉ፣ በአንድ ድምፅ «እኔን!» አለ። ከበሩ በኩልም አንድ ሻካራ የሽማግሌ ድምፅ ተከተለን።

ካድሬው ጭዱ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ማነው በበሩ በኩል ‹እኔን› ያለው?» አለ። ሽማግሌው የጠመንጃቸውን አፈሙዝ ይመለከቱ ነበር። ካድሬው ፊቱን በእጁ አብሶ እያንዳንዳችንን አየን። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«ሰው ጥለው ያዝኑለታል» አለ ለሊቀመንበሩ። «ለእነዚህ ነው ከሥራዬ ያስነሣኸኝ?»

ተነሥቶ ባርኔጣውን አራገፈ። መንበርከክ እንደሌለ፣ ዓይን መጨፈን እንደሌለ፣ በሩ ክፍት እንደሚሆንና ልምምድ ባለ ቁጥር አንድ ጠባቂ እንደሚቀመጥ አዘዘና ወጣ።

አስተማሪያችን ወደ እኔ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል።

«ክንዱን አልለቀቅሽም» አለኝ።

«ምን?»

«ጭንቅላቱ ከሲሚንቶው ጠርዝ ስንዝር አይርቅም ነበር። ብትለቂው ኖሮ...» አልጨረሰውም።

እጄን አየሁት። ጣቶቼ እጅጌ እንደያዙ ተጨብጠው ቀርተዋል። በሌላው እጄ አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። መንገዱን ሁሉ የካድሬውን የጣት ምልክት በሹራቤ ሸፍኜ ቤቴ ገባሁ። እናቴ «ምነው ፊትሽ?» አለችኝ፤ «ምንም» አልኳት። ስለዚያ ሰው ጭንቅላት እኔ አላሰብኩም ነበር። ታዲያ ማን ነው ያሰበለት? ይህ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ አላሠራኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆመን፣ ዓይናችንን ገልጠን እጅ ተነሣሣን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሽማግሌው ጠባቂ ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም አላሉኝም፤ እኔም አላልኳቸውም። አስተማሪያችን ጠርቶ ሲጥለኝ ዓይኔ በሩ ላይ ነበርና በጎኔ ዘጭ አልኩ።

«እኔን!» አሉ ሽማግሌው።

አስተማሪያችን ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

«አባቴ፣» አለ፣ «እዚህ ቤት ‹እኔን› አይባልም።»

ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ አመለጠኝ» አሉ፤ እስክነሣም አልተቀመጡም።

ማንም አላነሣኝም። ተነሣሁ።