ደሊል ከጋሪ ሲወርድ

አዳማ በባቡር ጣቢያዋ ዙሪያ የተኮለኮሉ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ብቻ በነበረችበት ዘመን፣ ደሊል የሚባል በቅሎ አከራይ ነበረ። ይህ ሰው በበቅሎ ሲሄድ እግረኛ ሽማግሌ ካገኘ ይወርዳል። መውረዱስ የጨዋ ልጅ ወግ ነው፤ የእሱ ግን ሰላምታው አያልቅም። የልጆቹን ጤና፣ የዝናቡን፣ የከብቱን ነገር አንድ በአንድ ጠይቆ ሲያበቃ ሽማግሌውን በበቅሎው ላይ አስቀምጦ ራሱ ልጓም ይስባል። ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ የሚወስዳቸው በሽተኞች «ከደሊል ጋር ከሄድክ ሳትደርስ በመንገድ ትድናለህ» እያሉ ያሙት ነበር።

ይህ አመሉ አንድ ቀን አስለቀሰው። እናቱ ሀጂራ ወደ መካ ሊሄዱ ባቡር ሲሳፈሩ፣ ደሊል ጣቢያው በር ላይ ከእማማ ፋዲላ ጋር ተገናኘ። የእማማ ፋዲላ ጥጃ ታማ ነበር። እሱ ስለ ጥጃዋ ሆድ ሲጠይቅ ባቡሩ ጮኸ። ሀጂራ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ተዋት ያቺን ጥጃ!» እያሉ እጃቸውን ቢዘረጉም፣ ሳይሰናበታቸው ሄዱ። ለሐጅ የሄደ ሁሉ እንደማይመለስ አዳማ ያውቃል። ደሊል ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልጥምህ አለው።

ከወራት በኋላ እናቱ ሊመለሱ መሆናቸውን ሲሰማ ዘሎ ተነሳ።

«መርከቡ ጅቡቲ ሲደርስ እግሯ መሬት ሳይነካ እገኛለሁ! በመንገድም ማንንም ሰላም አልልም!»

ሚስቱ ሰሊማ ሳቀች። «እስቲ መጀመሪያ ከሰፈራችን ውጣ» አለችው።

እውነትም በባቡሩ ውስጥ አፉን ዘጋ። ብቻ ሽማግሌ በገባ ቁጥር ብድግ እያለ መቀመጫውን ስለሚለቅ፣ ያንን ሁሉ በረሃ ቆሞ ጨረሰው። ጅቡቲ ሲወርድ ሙቀቱ የሚቻል አልነበረም። ከጣቢያው ደጅ አንድ የመናዊ ባለጋሪ አገኘ። ደሊል ከቁርአን ቤት በቀረችለት አረብኛ «መርከብ! እናቴ!» አለው። ባለጋሪው ገባውና ፈረሱን ገረፈ።

ገና ብዙም ሳይሄዱ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው በፀሐይ ሲያዘግሙ ታዩ። ደሊል ዓይኑን ጨፈነ። ያላየ አይጠየቅም ብሎ ነው። ሽማግሌው ግን ሳሉ።

«ቁም!» አለና ከጋሪው ወረደ።

በእጃቸው ላይ ጎንበስ ብሎ በዚያችው አረብኛ ሰላም አላቸው፤ ጤናቸውንም ጠየቀ። ከብቱ ላይ ሲደርስ ቃሉ ጠፋው። ጠይቆ ካልጨረሰ ደግሞ ሰላም ያለ አይመስለውም። ስለዚህ እንደ ጥጃ «እምቧ?» አለ። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ፤ የግመል ሰው ናቸውና እንደ ግመል ጮኸው መለሱለት። ደሊል ደስ አለው። ደግፎ በጋሪው ላይ አወጣቸውና ሄዶ የፈረሱን ልጓም ያዘ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጋሪው ሁላችንንም ይችላል፤ ውጣ!» አለ ባለጋሪው በእጁ ጭምር እያሳየ።

«ከአባት ጎን ተንፈላስሼ? አይሆንም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ፈረሱ ባዕድ እጅ አልወድም ብሎ ቆመ፤ ደሊል ይጎትታል፤ ባለጋሪው ይራገማል። በዚህ መካከል መርከቡ ጮኸ። ባለጋሪው ይኼኔ ትዕግሥቱ አለቀና ልጓሙን አስለቅቆ፣ ሽማግሌውን እንደ ጫነ ወደ ወደቡ ነጎደ።

ደሊል በእግሩ ሮጠ። አንድ ግመል ነጂ አዝኖለት ግመሉ ላይ አወጣው። ከዚያ ሆኖ ግን አንዲት ባልቴት አየ። ከበቅሎ መውረድ እንጂ ከግመል መውረድ አያውቅም፤ ዘሎ በአሸዋው ላይ ተዘረጋ። ባልቴቷን እንደተጋደመ ሰላም አላቸው። መርከቡ ሁለተኛ ሲጮህ ግን ተነስቶ መሮጥ አቃተው።

«ስትሄድም ቀረሁባት፣ ስትመጣም ቀረሁባት» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ቀና ሲል ያ ጋሪ ከወደቡ እየተመለሰ ነው። ሶማሌው ሽማግሌ ልጓም ይዘው በእግራቸው ይስባሉ። ባለጋሪው ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ከኋላው ደግሞ ሀጂራ ጓዛቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«እማ!»

ሀጂራ ሳይደገፉ ወረዱ። ደሊል እግራቸው ላይ ወደቀ።

«እንዴት አወቅሽ? እንዴት መጣሽ?»

«ጓዜ ላይ ተቀምጬ የሚቀበለኝ ሳጣ፣ እኒህ አባት አዩኝና የተቀመጡበትን ጋሪ ለቀቁልኝ። ጋሪውን ማን ሰጠዎ ብዬ በእጄ ብጠይቃቸው፣ ወደ ከተማው እያመለከቱ እምቧ አሉ።» ሀጂራ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «በባዕድ አገር መንገድ ላይ ቆሞ ስለ ጥጃ የሚጠይቅ ካንተ ሌላ ማን አለ? ልጄ መጥቷል፣ ውሰዱኝ አልኳቸው።»

ደሊል ሊስማቸው ሲነሳ በእጃቸው አገዱት።

«ቆይ። መጀመሪያ ያኔ ያስቀረኸውን በለኝ።»

ደሊል እንባውን ዋጠ። «በሰላም ሂጂ እማ፤ በሰላም ተመለሺ።»

«አሚን። ይኸው ተመለስኩ» አሉና አቀፉት። ከዚያም ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ የፋዲላ ጥጃ ዳነች?» ሲሉ ጠየቁት።