አንገት ላይ የኖረች ጠገራ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ስልኩን ማጥፋት አልቻልኩም። ልጄ ከአዲስ አበባ ስትደውል «እማዬ፣ አሁንም ቻርጅ ታደርጊዋለሽ?» ትለኛለች። አዎ እላታለሁ። «ለማን ብለሽ?» ትልና ወዲያው በጥያቄዋ አፍራ ስለ ብርዱ ታነሳብኛለች። ደብረ ብርሃን ላለ ሰው ስለ ብርድ ማውራት ወሬ ለመቀየር ይመቻል።

ስልኩ ራሱ ዝም አይልም። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የጥንት ገንዘብ በጨረታ የሚሸጥበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነበር። ሻጭ ፎቶ ይለጥፋል፤ ገዢዎች ዋጋ እየጨመሩ ይከታተላሉ፤ ሲመሽ ይዘጋል። እሱ የሚገዛው ከስንት አንዴ ነው። የገዛቸውን ከአሮጌ ብርድ ልብስ በተቆረጠ ጨርቅ ላይ ደርድሮ በመሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ቡድኑ ግን የሚፈልገው ዓይኑን ነበር። ሊገዛ አስቦ የተጠራጠረ ሰው «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ይጽፍለታል። እሱም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ያያል።

ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የግቢያችን ጥግ ላይ እንቀመጥ ነበር፤ እኔ ምስር እየለቀምኩ፣ እሱ ጠገራ ብር እያየ። በጠገራዋ አንድ ፊት ላይ ንግሥት፣ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። «ፊቷን አትይ» ይለኛል፤ «ሻጩ እንድታይለት የሚፈልገው ፊቷን ነው።»

«አንተ ግን ስታያት ትውላለህ።»

«ቀናሽ?»

«ወጥ አትሠራ፣ ልብስ አታጥብ፣ በምኗ ልቅና?»

እየሳቀ ይቀጥላል። መጀመሪያ ጠርዟን ጠይቂ፤ ተፍቃ ወይም ተጣብቃ ከሆነ እዚያ ይታወቃል። ፎቶው ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይነሳ፤ ከፊት የሚመጣ ብርሃን ጭረቱን ሁሉ ይደብቃል። ከመጠን በላይ ካበራች በሎሚና በአመድ ታሽታለች፤ የዕድሜዋ ጥላ ከፊደሎቿ ሥር ተጠርጎ ወጥቷል። እኔ ለመማር ብዬ አልሰማሁትም። ድምፁን ስለምወደው ነበር የምሰማው።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት በዚያው ጥግ ተቀምጬ ሳለ ስልኩ ጮኸ። በቡድኑ ውስጥ የጻፈችው መዘዞ ከተማ ያለች ሴት ናት፤ ነርስ መሆኗን ከስሟ አጠገብ ጽፋለች። «ጋሼ ሰላም ነዎት? እባክዎ ይህችን ጠገራ ይዩልኝ። ጨረታው ዛሬ ይዘጋል። ካሰብኩት በላይ ጨምሬያለሁ፤ ልቤ ግን አላመነም።»

በዚያ ቡድን ማረፉን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለዘመድ ሌሎች ነገሩልኝ፤ ለሰፈሩ ዕድሩ ነገረልኝ። «አርፏል» የሚለውን ቃል እኔ ራሴ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ደግሞስ መርዶ ወግ አለው። የሚነገረው ሰው ይቀመጣል፤ ከጎኑ ደጋፊ ይኖራል። ዋጋ እየጠሩ በሚጯጯሁ ሰዎች መሃል መርዶ እንዴት ይጻፋል?

ስልኩን ልገለብጠው ነበር። ግን ልጅቷ ልትታለል ነው።

ፎቶዎቹን ከፈትኩ። ሻጩ ሁለቱንም ፊት አንስቷል፤ ጠርዙ የለም። በአንድ ጣቴ እየፈለግሁ ጻፍኩ፦ «ጠርዟን አሳየን። ፀሐይ ከጎን ይሁንልህ።»

ሻጩ ወዲያው መለሰ። «ጋሼ ጠፍተው ጠፍተው ዛሬ በኔ ላይ ይምጡ? እሺ።» ላከ። ጠርዟ ንጹሕ ነው። የንግሥቲቱ ፀጉር ጥርት ብሎ ይታያል። ደህና ናት ልል ስል ንስሩን አየሁት። ላባው ሟሙቶ ሊጠፋ ደርሷል።

ይህን ባለቤቴ አላስተማረኝም። አንኮበር ሳድግ እናቴ ጠገራ በአንገቷ ታስር ነበር። በውጭ ያለው ፊት ጉንጬን ሲነካኝ ይሻክረኛል። ገልብጬ ስነካው ግን ደረቷና ቀሚሷ እየፈተጉት እንደ ሳሙና ለስልሷል። በገበያ ከእጅ ወደ እጅ የዞረች ብር ሁለቱም ፊቷ አብሮ ያልቃል። አንድ ፊቷ ብቻ ያለቀ ብር አንገት ላይ ኖራለች። አንገት ላይ የኖረች ብር ደግሞ ማሰሪያ ነበራት።

ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ያለውን አጉልቼ አየሁ። ሌሎቹ ፊደሎች በመጠኑ ደክመዋል፤ እዚያ ያሉት ሁለቱ ግን ትናንት የተቀረጹ ይመስላሉ። ዙሪያቸውን እርጥብ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ እንደሚተወው ያለ ቀጭን ክብ አለ።

«ይህች ተበስታ የነበረች ናት» ብዬ ጻፍኩ። «ቀዳዳዋ ተደፍኖ ፊደሎቹ በእጅ ተቀርጸዋል። በዚህ ዋጋ እንዳትገዢ።»

«ጋሼ ገበያዬን ዘጉት እኮ!» አለ ሻጩ። «አንጥረኛው ማንም አያውቅብህም ብሎኝ ነበር!»

ከዚያ ቡድኑ በሳቅ ተሞላ። «ፖሊስም አልጠየቀህ፣ ራስህ ተናዘዝክ!» አለው አንዱ። እኔም ብቻዬን ሳቅሁ። ከሐዘኑ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ፤ የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ።

ነርሷ ለብቻ ጻፈችልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ለእናቴ ነበር። እኔን ልታስተምር የአንገቷን ጠገራ ሸጣለች። አሁን አርጅታለች፤ ሳትሞት ላስርላት ብዬ ነው። ልተዋት አይደል?»

ባለቤቴ ምን እንደሚላት አውቃለሁ። «ተዪያት» ነው የሚላት። የተነካች የተነካች ናት፤ በዚህ ድርድር አያውቅም ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ይህች ጠገራ የተበላሸችው ለሰብሳቢ ነው። ለአንገት ምን ጎደላት? መድፈኛው ቢወጣ የአንዲት እናት ጠገራ ናት። በብሩ ክብደት ብቻ ትግዛትና ታስርላት።

ይህን ግን በእሱ አፍ መናገር አልቻልኩም። ሰዎቹ የሚያምኑት የእሱን ቃል ነው፤ እሱ ደግሞ ይህን በሕይወቱ አይልም። ቢሰማኝ ምሳ እስኪቀርብ ሲከራከረኝ ይውላል። የራሴን ሐሳብ ልናገር ካልኩ ማን እንደሆንኩ መናገር ነበረብኝ።

«ልጄ፣ ተቀምጠሽ ነው?» ብዬ ጻፍኩላት።

«አዎ፣ ተረኛ ነኝ። ምነው ጋሼ?»

«አጠገብሽ ሰው አለ?»

«ኧረ አስደነገጡኝ!»

«ጋሼ አይደለሁም። ባለቤቱ ነኝ። እሱ አርፏል።»

ላኩት። ቃሉ እዚያ ተቀመጠ፤ ትንሽ ነበር። «እየጻፈች ነው» የሚለው ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ብቅ አለ። በመጨረሻ «እትዬ» አለችኝ፤ «እግዚአብሔር ያጽናዎት። ለካ በእንዲህ ያለ ሐዘን ነው ያስቸገርኩዎ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ታዲያ ብሯን ማን አየልኝ?»

«እኔ» አልኳት። ከዚያ ስለ አንገቱ ያሰብኩትን ነገርኳት።

ለቡድኑም በዚያው እጄ ጻፍኩ። ነፍስ ይማር የሚለው እየተደራረበ ወረደ። ሻጩ ለብቻ መጣ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሳላውቅ በጋሼ ላይ ጮህኩ።»

«በሱ አልጮህክም፤ በኔ ነው። ይልቅ ለልጅቷ በብሩ ክብደት ሽጥላት።»

«በኪሳራ?»

«አንጥረኛህን ጠይቀው።»

ሸጠላት።

ከጊዜ በኋላ ከመዘዞ ፎቶ መጣልኝ፤ ነጠላ የለበሱ አሮጊት፣ ጥቁር ክር፣ ጠገራዋ ደረታቸው ላይ። እንደ ልማዴ አጉልቼ አየሁ። ያለቀው ንስር ወደ ውጭ ዞሯል።

«አዙሪያት» ብዬ ጻፍኩ፤ «የለሰለሰው ወደ ደረት ነው።»

«እናቴም እየተቆጣችኝ ነው» አለች።

በቴሌግራሙ ላይ ከስሙ አጠገብ ያለው ምስል አሁንም የባለቤቴ እጅ ነው፣ ጠገራ በሁለት ጣቱ ይዞ። እሱን አልቀየርኩትም። የሚጽፉልኝ ግን አሁን «እትዬ» እያሉ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ጠርዟን እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን ፊት አስተያያለሁ።