በቅሎ የጋለበችው ልጄ፣ የታሰርኩት እኔ

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ በደብረ ታቦር ገበያ መሐል በቅሎዬን ስትጋልብ አንድ ሽማግሌ ጥላ ሳትቆም አለፈች። ክንዳቸው የተላላጠው ሽማግሌም የጋቢያቸውን ጫፍ ከነጠላዬ ጋር ቋጠሩት። በአገራችን ሥርዓት፣ ዳኛ ካልፈረደ ይህ ቋጠሮ አይፈታም።

"ልጓሙን ያስጨበጥሻት አንቺ ነሽ!" እያሉ ወደ ዳኛ ዳገቱን ጎተቱኝ።

"እሱስ እውነትዎን ነው አባቴ፤ ግን ቀስ ይበሉ፣ ሊያንቁኝ ነው!" አልኳቸው፣ በኀፍረትም በንዴትም እየተቃጠልኩ።

ዳኛው መንገድ ዳር ቆመው ሰሙን።

"ዳግመኛ አትጋልብም፤ ዋሷ እኔ ነኝ" ብዬ ማልኩላቸው።

ወዲያው ልጄ "እናቴን ልቀቋት!" እያለች በቅሎዋን ሽምጥ እየጋለበች መጣችብን። ሽማግሌው እኔን ጎትተው ዘለሉ፤ ዳኛው ግን ማምለጥ አልቻሉም፤ ጭቃ ላይ ወደቁ።

ከጭቃው ተነሡና የኩታቸውን ጫፍ ከነጠላዬ ሌላኛው ጫፍ ጋር ቋጠሩት።