ሲስተር ጉጠት ወንበሯን ስትሸጥ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ስታይ የኖረች ሴት በቀላሉ አትታለልም የሚል ካለ ተሳስቷል። ሲስተር ጉጠት ራሷም እንዲያ ታስብ ነበር።

ቅጽል ስሙን ያወጡላት በሽተኞቹ ናቸው። የአንድ ጥርስ ሐኪም ረዳት ሆና ስትሠራ፣ ዶክተሩ ሊነቅል ሲዘጋጅ ጭንቅላት ይዛ የምታቆመው እሷ ነበረች። ከያዘች ደግሞ አትለቅም። ጎረምሳም ይሁን ሽማግሌ፣ ፖሊስም ይሁን ዳኛ፣ በሁለት መዳፏ መሃል ከገባ ጥርሱን ሳያስረክብ አይወጣም።

ዶክተሩ አረጀና እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚንቀጠቀጥ እጅና የጥርስ መሰርሰሪያ አብረው ስለማይሄዱ ክሊኒኩን ዘግቶ ልጁ ዘንድ ሊኖር ሄደ። ዕቃውን ለእሷ ተወላት። "እኔ ተከራክሬ መሸጥ አልችልም፤ አንቺ ትችያለሽ" አላት። እንዲህ ሆኖ አረንጓዴው የጥርስ ወንበር፣ ባለ ረጅም አንገቱ መብራትና የመሣሪያ መቀቀያው ከነሙሉ ክብራቸው ሳሎኗ ገቡ።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ወንበሩን ባየ በመጀመሪያው ቀን ወጣበት፤ ከዚያ ወዲያ ለምግብና ለሽንት ካልሆነ አልወረደም። "ዕድሜ ልኬን ቀጥ ብዬ ስነዳ ኖሬያለሁ። አሁን መጋደም ተራዬ ነው" ይላል። እንግዳ ሲመጣ ፔዳሉን ይረግጥና እንደ ቦካ ሊጥ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ከፍ ብሎ ሰላምታ ይሰጥና መልሶ ዝቅ ይላል።

እሷ ግን ወደ ወጥ ቤት ለማለፍ እንደ ሸርጣን በጎን መሄድ ነበረባት። ዳሌዋን የወንበሩ ክንድ ለአራተኛ ጊዜ በመታት ቀን "ይሸጣል" አለች። ስልክ ቤት የምትሠራው የእህቷ ልጅ መጥታ ፎቶ አነሳችና ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ገጽ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩም "ገዢው ራሱ መጥቶ የሚወስድ" ብላ ጻፈችበት።

መጀመሪያ የተሸጠው መቀቀያው ነው። የመጣው ሰውዬ ከረባት አስሯል፤ ጫማውን በር ላይ ጠረገ፤ "እናቴ" አላት። ከሁሉም በላይ ግን ጥርሱ ነው። ሠላሳ ሁለቱም ቀጥ ብለው፣ እንደ ወታደር ተሰልፈው፣ ነጭ ሆነው። ሲስተር ጉጠት ያን የመሰለ አፍ በሥራ ዘመኗ ሁለቴ ብትመለከት ነው፤ ልቧ ቀለጠ። ሰውዬው ስልኩን ነካ ነካ አደረገ፤ ወዲያው የእሷ ስልክ ጮኸ። "ገንዘብ ገቢ ሆኗል" የሚል መልእክት ነው። መነጽሯ መኝታ ቤት ነበር። "ገባ፣ ገባ" አለችና መቀቀያውን ከነገመዱ አስረከበችው። እንዳይቆሽሽበት ጠንካራ ፌስታል ፈልጋ ሰጠችው።

በማግስቱ ባንክ ሄደች። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ መልእክቱን አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

"እናቴ፣ ይሄን የላክነው እኛ አይደለንም። ከተራ የግል ስልክ የተላከ ነው። ይኸው፣ 'ሂሳብ' የሚለውን እንኳ በትክክል አልጻፈውም።"

"ታዲያ ምን ማየት ነበረብኝ?"

"ሂሳብዎን። የሱን ስልክ አይዩ፣ የሱን ፎቶ አይዩ፣ መልእክትም አይመኑ። ራስዎ ገብተው ይዩ፣ ወይ ካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውለው ይጠይቁ። እዚያ ከሌለ የለም።"

ሁለት ቀን ለማንም ሳትናገር ቆየች። በሦስተኛው ቀን ለባሏ ነገረችው፤ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ እስኪል ሳቀ።

"አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ስትዪ አልነበር? የሱን ጭንቅላት እንዴት ሳታዪው ቀረሽ?"

"ጥርስ ባዳ ነው" አለችና ወጥ ቤት ገባች። እዚያ ምን እንዳለች አልተሰማም፤ ድስቱ ግን ብዙ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ተለወጠች። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። አንዱ፣ ወንበሩን ሳያየው፣ ከተጠየቀው በላይ ልክፈልና ትርፉን ለጫኚው ትሰጪዋለሽ ብሎ ጻፈላት። "ዋጋ ጨምሮ የሚገዛ ወይ ሞኝ ነው ወይ ሌባ፤ ሞኝ ደግሞ እንዲህ ቶሎ ቶሎ አይጽፍም" ብላ መልእክቱን አጠፋችው። ሌላው ደውሎ፣ ክፍያውን ለማሳለፍ ስልክዎ ላይ የሚመጣውን ስድስት ቁጥር ይንገሩኝ አላት። እሺ ብላ ተንበረከከችና ከወንበሩ እግር ሥር የተቀረጸውን የፋብሪካ ቁጥር፣ ከነፊደሉ፣ ረጋ ብላ አነበበችለት። አልሠራም ሲላት እንደገና አነበበችለት። በሦስተኛው ላይ ሰውዬው ራሱ ዘጋው።

ፀጉር አስተካካዩ የመጣው በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆነ፣ ጉንጩን አሥር ጊዜ የሚዳስስ ሰው ነው። የጭነት መኪና ተከራይቷል፣ ሁለት ሸካሚም ይዟል። ባልየውን በትሕትና ከወንበሩ አስወርዶ ፔዳሉን ሞከረ፣ ጀርባውን አጋደመ፣ ክንዱን ነቀነቀ።

"ለጢም የሚሆን ወንበር ስፈልግ ዓመቴ። ወሰድኩት ማዘር" አለ።

ዋጋው ላይ ትንሽ ተጓተቱና ተስማሙ። እፊቷ ቆሞ በስልኩ ላከ። ስልኩ ላይ አረንጓዴ ምልክት መጣ፤ "ተሳክቷል" ይላል። ሲስተር ጉጠት መነጽሯን አደረገችና የራሷን ከፈተች። ምንም የለም። ባንኩ ጋ ደወለች። እስካሁን የገባ የለም አሏት።

"ኔትወርክ ነው ማዘር። ይኸው የኔ ሄዷል ይላል።"

"ከአንተ ሄዶ ይሆናል። እኔ ጋ አልደረሰም። ተቀመጥ፣ እንጠብቀው።"

ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሸካሚዎቹ ደረጃው ላይ ተዘረጉ። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ታች የጭነት መኪናው ሾፌር ጡሩምባውን ያዘው። ባልየው መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ገንዘቡ መንገድ ላይ እንዲጠፋ በልቡ ሲለምን ከፊቱ ይነበባል።

ፀጉር አስተካካዩ ውኃ ለመናትና አንድ ጊዜ ጎንጭቶ ፊቱን አጨማደደ። እሷ መብራቱን ጎትታ አበራች።

"ክፈት።"

"ምን?"

"አፍህን ነው እንጂ ምን ልልህ። ክፈት።"

ከፈተ። ከታች በግራ በኩል ያለው መንጋጋ በጣም ተበልቷል።

"ጥርስህን ትቦርሻለህ?"

"አልቦርሽም" አለ፣ አፉን እንደከፈተ። "ሲያመኝ ካልሆነ ትዝም አይለኝ።"

ሲስተር ጉጠት መብራቱን ይዛ ደርቃ ቀረች። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ፣ የትናንት ምግብ ጥርሱ መሃል እየታየ፣ "ጠዋትና ማታ" እያለ ሲምልላት ነው የኖረችው። እንዲህ ያለ መልስ ሰምታ አታውቅም።

"አንተ እውነተኛ ሰው ነህ" አለችው።

"እንግዲያው ላስጭነው?"

"ገንዘቡ ሲገባ።"

ሰውዬው ቀና አለ። "ማዘር፣ ሌባ እመስላለሁ እንዴ?"

"አትመስልም። ያኛውም አይመስልም ነበር።"

ይሄን ጊዜ ሾፌሩ ወጥቶ፣ ወይ ጫኑ ወይ ልሂድ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ጆሮው ቀላ። እሷም ልቧ አልቻለም፤ እውነት ከሆነ ሰውን በከንቱ ማዋረዷ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ ሞኝን እባብ ሁለቴ ነደፈው፣ አንዴ ሳያይ አንዴ ሲያሳይ የተባለው በእሷ ሊደርስ ነው። ነጠላዋን አነሳች።

"ባንኩ ማዕዘኑ ላይ ነው። አብረን እንሂድ። ወንበሩን ማንም እንዳይነካ" አለች ለባሏ።

"እኔ እጠብቀዋለሁ" አለና ወዲያው ወጥቶ ተጋደመበት።

መስኮቷ ላይ ያለችው ያችው ልጅ ነበረች። የሁለቱንም የሂሳብ ቁጥር ተቀበለች፣ ኮምፒውተሯን ነካካች። "የሳቸው ባንክ ሌላ ስለሆነ ነው የዘገየ፤ መንገድ ላይ ነው" አለች። ሌሎች ሁለት ሰዎች አስተናገደችና መልሳ አየች። "አሁን ገባ፣ እናቴ።"

"በሂሳቤ? በኔ?"

"በርስዎ። ይዩት።"

ማያ ገጹ ላይ እስክትደገፍ ተጠግታ ስሟን አነበበች፣ መጠኑን አነበበች፣ ቀኑን አነበበች። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረች። ይቅርታ ማለት አፏ ላይ መጣና ተመለሰ፤ ስህተት አልሠራችማ።

"መብራቱን ውሰደው" አለችው። "ጢም ስትላጭ ያስፈልግሃል። የአንድ ጥሩ ሐኪም አድራሻም እጽፍልሃለሁ። ያንን ጥርስ ነገ አስነቅለው።"

"ያማል?"

"በጣም።"

ሰውዬው ከቤት ከወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "እርስዎም እውነተኛ ነዎት" አላት።

ቤት ሲመለሱ ባልየው አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ሸካሚዎቹ ከነሰውዬው እናንሳው ወይ ብለው ጠየቁ፤ እሷ ፔዳሉን ረግጣ መሬት ድረስ አወረደችው። ነቅቶ ሁሉንም ሲያይ ገባው። ወንበሩ ደረጃውን ሲወርድ እንደ ቀብር ሸኚ ከኋላ ከኋላው ሄደ፣ በየመታጠፊያው "ቀስ፣ ክንዱን ቀስ" እያለ።

በሁለተኛው ሳምንት የፎቅ ጎረቤቷ ማቀዝቀዣ ልትሸጥ ሆነና፣ ገዢው ሲመጣ አብራት እንድትቀመጥ ለመነቻት። ሲስተር ጉጠት መነጽሯን ይዛ ወጣች። ባሏ ቤት ስላልነበረ አልነገረችውም። ጢሙን ሊላጭ ሄዷል፤ በዚያ ሳምንት ይሄ አራተኛው ነው። ፀጉር አስተካካዩ፣ ትናንት ጥርሱን አስነቅሎ ጉንጩ አብጦ፣ "አባባ፣ እኮ ምን ቀረና ልላጭ?" ሲለው፣ ባልየው የአረንጓዴውን ወንበር ጀርባ እያጋደመ፣

"አንተ የሚበቅለውን ጠብቅ" አለው፣ "እኔ አልቸኩልም።"